በኅዳር ሚካኤል የታጨደው ኩሬ

ፈንታዬ የምትሠራው ከደብረ ማርቆስ ከተማ በታች፣ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የፍሳሽ ኩሬ ነው። ሥራዋን የሚጠይቋት ሰዎች መልሱን ሲሰሙ መጀመሪያ እጇን ያያሉ። እጇ ንጹሕ ነው። ረጅም የላስቲክ ጓንትና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ታደርጋለች፤ ሥራ ስትጨርስ አጥባ ከዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ትሰቅላቸዋለች። ሰዎቹ ግን እጇን ካዩም በኋላ ከመጨበጥ ይልቅ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ማለትን ይመርጣሉ። ለምዳዋለች።

ኩሬው ሁለት ነው። የላይኛው ከኮንዶሚኒየሞቹና ከሆቴሎቹ በቱቦ የሚመጣው ፍሳሽ የሚያርፍበት ነው፤ ደለሉ እዚያ ይቀራል። የታችኛው ላይ ቅጠል ይንሳፈፋል። አንዱ ቅጠል ከምስር ክክ አይበልጥም። ሥሩ አፈር አይነካም፤ እንደ ክር ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ባለሙያዎቹ ዳክዊድ ይሉታል። ፈንታዬና ዘበኛው አስማማው የውሃ ምስር አሉት፤ በዚያው ቀረ።

የውሃ ምስር ከፍሳሹ ውስጥ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነውን እየመጠጠ ይበላል፤ እየበላ ይበዛል። ውሃውን ስለሚሸፍነው ፀሐይ አይገባም። ፀሐይ ካልገባ አልጌ አይራባም፤ ትንኝም እንቁላል የምትጥልበት ታጣለች። ዝም ከተባለ ግን አርጅቶ ይሰምጣል፤ የበላውንም መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ በየጊዜው ግማሹ በመረብ ይነሣል፤ የቀረው ተባዝቶ ቦታውን ይሞላል። የተነሣው ከገለባ ጋር ተከምሮ ይበሰብስና ወደ ችግኝ ጣቢያ ይሄዳል። ፈንታዬ የተቀጠረችው ለዚህ ነው።

ወደ ከተማ የመጣችው አግብታ ነው። ባሏ ግንበኛ ነበር። ለሥራ ብሎ ርቆ ሄደና በሄደበት ሌላ ቤት መሠረተ። እሷ የማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ገብታ ብዙ ዓመት በፕላስቲክ አፈር ስትሞላ፣ የጽድና የግራቪሊያ ችግኝ ስታጠጣ ኖረች። ኩሬው ተቆፍሮ ሠራተኛ ሲፈለግ ከጣቢያው ወንዶች የተወሰኑት ወርደው አዩና አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። እሷ ቀረች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ችግኝ ጣቢያም ፍግ ነው የምንዝቀው» ትላለች። ይሄ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ ይሄ አይደለም። ምክንያቱ ወንድሟ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ታረቀ የአባታቸውን መሬት ይዞ፣ ሁለቱም በተወለዱበት መንደር ይኖራል። መንደሩ ከኩሬው በታች ጅረቱን ተከትሎ ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ ሰው ከገባባቸው ወዲህ የከተማው ፍሳሽ በዚያ ጅረት ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ በጅረቱ ልብስ ማጠብ ቀረ። ቀጥሎ ከብት ማጠጣት ቀረ። ታረቀ በሬዎቹን ለማጠጣት ዳገት አሻግሮ ወደ ሌላ ወንዝ መንዳት ግድ ሆነበት። አንድ ፋሲካ እህቱ ቤት መጥቶ እጁን ሊታጠብ ውሃ ስታቀርብለት፣ ማስታጠቢያውን ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ ታጥበንበት የሚፈሰው የት ነው የሚሄደው?» አላት።

«በቦዩ ነዋ።»

«ቦዩስ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ታረቀ ሳይታጠብ በማንኪያ በላ። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ቤቷ አልመጣም።

በዚያው ዓመት የታች መንደሮች አቤት አሉ፤ አቤቱታውን ይዞ ከተማ የገባው ታረቀ ነበር። ኩሬው የተቆፈረው በዚህ ምክንያት ነው። ስምምነቱ አጭር ነበር። በታኅሣሥ ከኩሬው መውጫ ውሃ ተቀድቶ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ይመረመራል። ካለፈ ኩሬው ይቀጥላል። ካላለፈ ይደፈናል፤ ፍሳሹም ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ እንደ ድሮው ይወርዳል። ሌላ መፍትሔ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቅጠሉ በክረምቱ አልያዘም፤ ዝናቡ እያጠበ ይወስደው ነበር። መስከረም ላይ መብዛት ጀመረ። ነፋስ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበስበው የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኢንጅነር ምስጋናው በወረቀት ስሎ አሳያት፤ እሷና አስማማው ቀርከሃ አስረው የኩሬውን ገጽ እንደ እርሻ ማሳ ከፋፈሉት። ጥቅምት ሲያልቅ ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ተሸፈነ። መውጫው ላይ የሚወርደው ውሃ ጠራ። ፈንታዬ በጣሳ ቀድታ ለፀሐይ ታየውና ታፈሰው ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ታኅሣሥ ሲመጣ ለምርመራ የሚቀዳው ጠርሙስ ይናገራል ብላ ተወችው።

እዚህ ላይ ጋሽ አበረ ይገባሉ።

ጋሽ አበረ የፈንታዬ ሰፈር የእድር ዳኛ ናቸው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጣና ሐይቅ በእምቦጭ አረም በተወረረ ጊዜ ከከተማው ከዘመቱት አንዱ ናቸው። እስከ ደረታቸው ሐይቁ ውስጥ ገብተው ነቅለዋል። ያኔ የተሰጣቸውን ቆብ ከቀብር በስተቀር አያወልቁም። ስለ እምቦጭ የሚያውቁትን ሰው ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ፤ እድርተኛውም ከሳቸው እየሰማ በቃሉ ይዞታል።

በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ከተማው ይጠረጋል። ሁሉም የቤቱን ጥራጊ አውጥቶ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ ጭሱ በሽታ ያባርራል ተብሎ ከድሮ የመጣ ነው። በዚያ ዓመት የጋሽ አበረ እድር ደጅ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ ለማጽዳት ተስማማ። በዓል ነው፣ ሰው ሥራ የለውም። እድርተኛው መጥረጊያና መንሽ ይዞ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል እየጠረገ ወረደ። የቁልቁለቱ መጨረሻ ኩሬው ነው።

ፈንታዬ በዚያ ዕለት አልነበረችም። የክርስትና እናቷ አምበር ላይ የሚካኤልን ዝክር ስለምታወጣ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳለች። የሆነውን ኋላ የነገራት አስማማው ነው።

ጋሽ አበረ አጥሩ ጋ ቆመው ኩሬውን አዩ።

«አስማማው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የውሃ ምስር ነው ጋሼ።»

«ማነው ምስር ያለህ? እምቦጭ ነው።»

«እምቦጭ አበባ አለው ይሉ የለም እንዴ እርስዎ? ወይን ጠጅ ዓይነት።»

«ሲያድግ ነዋ። አንተ ስትወለድ ጺም ነበረህ? ይሄ ጫጩቱ ነው። ጣናን በዚህ ዕድሜው ደርሰንለት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልተንከራተተ። ክፈት።»

አስማማው ከፈተ። ከፍቶም ዳር ቆሞ አላየም፤ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ፈንታዬ ለምን ብላ ስትጠይቀው «የእድር ዳኛ ናቸው» አላት። «ነገ ብሞት የሚቀብሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ አይቀብረኝም።»

ሴቶቹ በወንፊት፣ ወንዶቹ በመንሽና በጆንያ እየዘፈኑ ኩሬውን አጸዱት። ቀርከሃውንም አወጡ፤ አረሙ የተንጠላጠለበት ነገር መስሏቸው ነበር። ቀርከሃው ውስጡ ደረቅ ስለነበር ጥሩ ነደደ። የቅጠሉ ክምር ግን ውሃ ስለሆነ አልነድ አለ። አሮጌ ጎማ ጨመሩበት፤ ጨሰ።

ፈንታዬ ከሰዓት በኋላ ከሚኒባስ ስትወርድ ጭሱን አይታለች። ከተማው በሙሉ ስለሚጨስ ምንም አልመሰላትም። ኩሬው ዘንድ ስትደርስ ጋሽ አበረ እስከ ወገባቸው ርሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣሽ? ደክሞን ሞትን እንጂ ጨረስንልሽ» አሏት።

ኩሬው ተገልጧል። ውሃው ጥቁር ነው።

«ማን አዘዘዎት ጋሼ?»

«ለሰፈር ሥራ ትእዛዝ ይጠበቃል እንዴ? አንቺ ብቻሽን መቼም አትችዪው፤ ይኸው ከዳር ዳር ወሮብሽ ነበር።»

«እንዲወርር ነበር የተተከለው።»

«እምቦጭ ይተከላል?»

«እምቦጭ አይደለም።»

«ጣና ሄደሻል?»

«አልሄድኩም።»

«እንግዲያውስ» አሉና ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ፈንታዬ መንሽ አንሥታ ክምሩን በተነችው። ላዩ ተቀቅሏል፤ ጎማው የነካው ጠቁሯል። መሐሉ ግን እርጥብና አረንጓዴ ነው። አስማማውን ጠርታ የተረፈውን በባልዲ እያመላለሱ ኩሬው ውስጥ መለሱት። ጨርሰው ሲያዩት ውሃው ላይ ጥግ ጥጉን የተበተነ እፍኝ እፍኝ ቅጠል እንጂ ሌላ አልነበረም።

ምስጋናው በማግሥቱ መጣ። በኩሬው ዙሪያ ሄዶ ተመለሰና የዘበኛው ቤት ደጅ መደብ ላይ ተቀመጠ።

«ሙቀት ቢሆን ቶሎ ይሞላ ነበር» አለ። «በዚህ ብርድ ግን አይቸኩልም። ለታኅሣሥ አይደርስም፣ እትዬ ፈንታዬ። ምርመራው ወደ ጥር ይተላለፍ ብዬ ልጠይቅ።»

«ጠይቅ። ወንድሜ ግን እሺ አይልም።»

ጠየቀ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የመንደሮቹ ተወካይ ከተስማማ ይተላለፋል አለ። ታረቀ ተጠርቶ ነገሩን ሰማ። «የነቀላችሁት እናንተ፣ ጊዜ ስጡን የምትሉትም እናንተ» አለ፤ አልተስማማም። ምስጋናው ይህን ሲነግራት ፈንታዬ ወንድሟን አልወቀሰችም። እሱ ቦታ ብትሆን እሷም ይሄንኑ ትል ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የኩሬው ውሃ አልጌ ይዞ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ሽታው ዳገቱን ወጥቶ ሰፈር ገባ። ትንኝ ወጣ። እድርተኛው እርስ በርሱ መነጋገር ጀመረ፤ ጋሽ አበረ ግን እምቦጭ ሥሩ ስላልወጣ ነው ብለው ጸኑ።

ፈንታዬ አንድ ቀን ሳፋ ተሸክማ ጋሽ አበረ ግቢ ገባች። ሳፋው ውስጥ የቧንቧ ውሃ፣ ጥቂት ፍግና እፍኝ የውሃ ምስር አለ።

«ይሄ እዚህ ይቀመጥ» አለቻቸው። «አድጎ እምቦጭ ከሆነ የቀረውን እኔ ራሴ ነቅዬ ሥራውን እለቃለሁ። ካልሆነ ግን የነቀለው ሰው ሁሉ መጥቶ ይሠራልኛል።»

«የእድሩን ሰው?»

«የእድሩን ሰው። እርስዎንም ጨምሮ።»

«ተቀብያለሁ።»

ባለቤታቸው ዓይናዲስ ከጓዳ ብቅ ብለው ሳፋውን አዩ። «ጣናን ግቢዬ አመጣህልኝ?» አሉ።

ጋሽ አበረ በየጠዋቱ መነጽራቸውን አድርገው ሳፋው ላይ ያጎነብሱ ነበር። ቅጠሉ በዛ፤ ሳፋውን ሸፈነ። ቁመቱ ግን አልጨመረም፤ ምስር እንዳከለ ቀረ።

«አበበልህ?» ይላሉ ዓይናዲስ።

«ገና ነው።»

«ያንተ ሽበት ቀደመው።»

የኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አበረ ሲወጡ ሳፋው ባዶ ነው። ሦስት ዶሮዎች ከንፈሩ ላይ ቆመው የመጨረሻዋን ቅጠል ይሻሙ ነበር። ጋሽ አበረ ዶሮዎቹን አላባረሩም። ቆመው አሰቡ። ጣና ላይ እምቦጭ የምትለቅም ዶሮ አላዩም። ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ ቤት ሄዱ።

ጥሩምባው የተነፋው በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ነው። ጥሩምባ ሰው ሲሞት ብቻ ስለሚነፋ እድርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰበሰበ።

«ማን ሞተ?» ይላል የመጣው ሁሉ።

«የገደልነው ኩሬ» አሉ ጋሽ አበረ። «ነጠላችሁን አስተካክሉና ወንፊት አምጡ።»

አጉረመረሙ፤ በሰንበት ጥሩምባ መንፋት ነውር ነው ያሉም ነበሩ። ቢሆንም ሄዱ፤ ሽታው የሚገባው የእነሱው ቤት ነው። ምስጋናው ቅጠሉ በዱሩ የሚገኝበትን ረግረግ በአምበር መንገድ ያውቅ ነበር። ጋሽ አበረ ከቀድሞ ባልደረባቸው አይሱዙ ለምነው ራሳቸው ነዱ። ከኩሬው በወንፊት ያወጡት ሴቶች ከረግረጉ በወንፊት ለቀሙ፤ በእርጥብ ጆንያ ተጭኖ መጣ። ወንዶቹ ቀርከሃ ቆርጠው አዲስ ክፍልፍል ሠሩ። ፈንታዬ ዳር ቆማ የት እንደሚደፋ ታመለክት ነበር። ይቅርታ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ታኅሣሥ ገባ። ቅጠሉ ያዘ፤ ግን ኩሬውን በሙሉ አልሸፈነም። በአንዱ ወገን ውሃው አሁንም ያረነጉዳል። ውሃው ሊቀዳ ሲቃረብ ጋሽ አበረ ኩሬው ድረስ ወርደው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ፣ የምርመራውን ጠርሙስ ከከተማው በላይ ካለው ምንጭ ብንሞላውስ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያልፋላ። ኩሬሽ ይቀራል።»

«ወንድሜ በሬዎቹን ወደ ጅረቱ ያመጣል። በሬዎቹ የሚጠጡት ግን ከጠርሙሱ አይደለም ጋሼ።»

«ለነገሩ ነው እንጂ እኔም አልወደድኩትም» አሉና ሄዱ።

በተባለው ቀን ታረቀ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መጣ። እህቱን ሳማት፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ደህና ናቸው አላት። ምስጋናው ከመውጫው በጠርሙሶች ቀድቶ በረዶ ባለበት ሳጥን ከተታቸው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ታረቀ ወደ አረንጓዴው ወገን እያየ።

«እንዲህ አልነበረም። ተነቅሎ ነው።»

«ሰምቻለሁ። እምቦጭ ብለው።» ሊስቅ ፈልጎ ያዘው። «ያም ሆነ ይህ የሚቀዳው ያለው ነው።»

«ያለው ነው» አለች።

ውጤቱ ከገና በፊት መጣ። በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የመንደሮቹ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የእድሩ ሰዎች በሌላው ተቀመጡ። ፈንታዬ በሩ አጠገብ ነበረች። ምስጋናው አነበበ። ውሃው ውስጥ ያለው ጭቃና ዝቃጭ ከተፈቀደው በታች ነው፤ አልፏል። ሽታ የሚያመጣው ብስባሽም አልፏል። ናይትሮጅኑ ግን ከተፈቀደው በላይ ነው፤ አላለፈም። ቅጠሉ ሙሉ ቢሆን የሚበላው እሱን ነበር።

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አነበበው።

«ስምምነታችን ካለፈ ይቀጥላል፣ ካላለፈ ይደፈናል ነው የሚለው» አለ። «ከፊሉ ቢያልፍ የሚል የለበትም። ያላለፈ እንዳላለፈ ነው። የመንደሮቹ ተወካይ የሚለው ካለ ይናገር።»

ፈንታዬ መሬት መሬት አየች። ታረቀ ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እንደገና ደረበው።

«በጥቅምት ውሃው ጠርቶ ነበር» አለ። «እኛ ታች ያለነው አይተነዋል። አልተናገርንም። ክረምቱ አጥቦት ነው፣ አሁን ይመለሳል አልን። ቅጠል ጥለው ሊሸነግሉን ነው ብለንም አምተናል። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ሸተተ። ያለ ዝናብ፣ ያለ ምንም፣ በአንድ ሳምንት ሸተተ። ምን ሆኖ ነው ብለን ብንጠይቅ ነቅለውት ነው አሉን። ያኔ ነው ቅጠሉ ይሠራ እንደነበር ያወቅነው። ባይነቀል ኖሮ አናምንም ነበር።»

ጋሽ አበረ ብድግ አሉ። «ይኸው እንግዲህ፣ እኔ ባልነቅለው...»

«ጋሼ ይቀመጡ» አለች ፈንታዬ ከበሩ።

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ አበረ ተቀመጡ።

«አይደፈን ነው የምንለው» አለ ታረቀ። «በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይቀዳ። ግን ከእንግዲህ በወሬ አንኖርም። በየሳምንቱ ከኛ አንድ ሰው ኩሬው ላይ ይዋል፤ ይይ፤ ይሥራም። ሰውየውን ራሳችን እንመርጣለን።»

ኃላፊው ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩሬው እስከሚመጣው ታኅሣሥ እንዲቀጥል ተጻፈ። ሰውየውን መምረጥ ጊዜ አልወሰደም። ሽማግሌዎቹ ወደ ታረቀ ዞሩ። ነገሩን ያመጣው እሱ ነው አሉ።

ታረቀ የመጣው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ነው። የአስማማውን ቦቲ አደረገ፤ ጠበበው። ፈንታዬ ጓንትና መረብ ሰጠችው። ውሃው ዳር ሲቆም ፊቱን አጨማደደ።

«ይሸታል» አለ።

«አይሸትም ያለህ አለ?»

መረቡን ሰደደ። የጤፍ አጫጅ ስለሆነ አንድም ሳያስቀር ከቀርከሃው እስከ ቀርከሃው ጠራርጎ አነሣው። ባዶ ውሃ ታየ።

«ግማሹን ነው የምታነሣው» አለችው። «ግማሹን ተው።»

«አዝመራ ግማሹ ይተዋል እንዴ?»

«ይሄ ይተዋል።»

የያዘውን አየ። ግማሽ ያህሉን መልሶ ውሃው ላይ በተነው። በሚቀጥለው ክፍል ተጠነቀቀ። አብረው እስከ እኩለ ቀን ሠሩ፤ ስለ ጤፉና ስለ አንዲት የታመመች ላም አወሩ። ምሳ ሊበሉ እጃቸውን ሲታጠቡ ፈንታዬ ጠየቀችው።

«በሬዎችህን መቼ ወደ ጅረቱ ታመጣቸዋለህ?»

«ያ ያላለፈው፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ናይትሮጅን።»

«እሱ ያለፈ ዕለት» አለና እጁን አራግፎ ምሳውን ፈታ።